ብር የለበሰው ኮፈን

ሻምበል ታርኪ ውሻውን እንኳ ጠይቋል። ዶኛ ባሲሊያን ግን አልጠየቃትም።

ውሻው ግቢው በር ላይ ታስሮ ነበርና ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ፣ "አንተስ ሌባ ሲገባ ምን ስትሠራ ነበር?" አለው፤ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ከዚያ የቤቲቱን እመቤት ጠየቀ፣ ባሏን ጠየቀ፣ ጌጡን ሲያስሩ ያመሹትን ሴቶች ጠየቀ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየውን ጎረቤት ሳይቀር ጠርቶ ጠየቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ከኦሩሮ ከተማ መኪኖች ላይ ላሜራ ሲወርድና ሲወጣ ያየችው፣ የሰፈሩ የባትላሜራ ጋራዥ ባለቤት ዶኛ ባሲሊያ ግን፣ ክብ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ግድግዳ ሥር እንደ ተረሳ መጥረጊያ ቆማለች።

"ፊደል ስላልቆጠርኩ ዓይንም የለኝ መስሎታል" አለች ጮክ ብላ፤ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

ማንም ዞር አላለም።

የዶኛ ኤውሎሂያ ቀይ መኪና ግቢው መሀል ቆማለች። ከጣሪያዋ እስከ ኋላ ሻንጣዋ በቀለማት የተሸመነ አግዋዮ ለብሳለች፤ በጨርቁ ላይ የብር ሳህን፣ የብር ማንኪያ፣ የብር ማሰሮ፣ በክር የተሰካ የጥንት ሳንቲም ታስሮባታል። ነገ የካርኒቫል ቅዳሜ ነው። የየማኅበሩ መኪና እንዲህ ብር ለብሶ፣ ከጨፋሪዎቹ ፊት ፊት እየሄደ፣ ወደ ማዕድን ጉድጓዷ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ዘንድሮ የማኅበሩ ተረኛ ዶኛ ኤውሎሂያ ናት። መኪናዋ ግን ፊት የላትም። ኮፈኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ሞተሩ እንደ ታረደ በግ ሆድ ዕቃ ተገልጦ ይታያል።

ሌባው ብሩን ከኮፈኑ ላይ አልለቀመም። እያንዳንዷ ማንኪያ የራሷ ክር፣ የራሷ ቋጠሮ አላት፤ ሲፈታ ይነጋበታል። ስለዚህ ኮፈኑን ራሱን ከነልብሱ፣ ከነብሩ ነቅሎ ሄዷል።

"ፊት ላይ የነበረው ሁሉ የምራቴ ወላጆች ብር ነው" ትላለች ዶኛ ኤውሎሂያ፣ የቬልቬት ሻርፗን ጫፍ እያኘከች። "ከፖቶሲ ድረስ አደራ ተብሎ የመጣ። ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

ዶኛ ባሲሊያ ሰማች፤ አንጀቷ ትንሽ እንኳ አልራራም። ሁለቱ ልጃገረድ ሳሉ አንድ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሽንኩርት ይሸጡ ነበር። አንዷ ቬልቬት ለበሰች፤ አንዷ ቅባት ለበሰች። እንዲህ ያለውን ነገር እግዜር ይረሳው ይሆናል፤ ዶኛ ባሲሊያ አትረሳም።

ጥሪ እንደማይመጣ ስታውቅ ራሷ ወደ መኪናዋ ሄደች።

"እማማ፣ አይንኩ" አለ ሻምበሉ።

"አንተ ከጠጣኸው ውኃ እኔ የነካሁት መኪና ይበልጣል።" አንገቷን ወደ ሞተሩ አሰገገች። የኮፈኑ ማጠፊያዎች በግራና በቀኝ ባዶአቸውን ቀርተዋል፤ ብሎኖቹ ተፈትተው፣ እንዳይጠፉ ይመስል፣ ባትሪው ላይ ተደርድረዋል። በየማጠፊያው ዙሪያ ቀጭን የጠመኔ መስመር አለ። ዶኛ ባሲሊያ መስመሩን ስታይ ደረቷ በኩራት ተነፋ። ደረት ሲነፋ አፍ ይከፈታል። "ይህ የሌባ እጅ አይደለም፤ የባለሙያ እጅ ነው።"

አሁን ሻምበሉ ዞር አለ። "እንዴት?"

"ኮፈን ሲመለስ ጣት የምታህል ከቦታው ከሸሸ ጠርዙ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ይነክሳል። ስለዚህ ብሎኑን ከመፍታትህ በፊት ማጠፊያው ያረፈበትን ቦታ ዙሪያውን ታሰምራለህ። ስትመልሰው መስመሩ ላይ ታሳርፈዋለህ።"

"መኪናዋ ከሰሞኑ ተጋጭታ እርስዎ ጋ ተሠርታ ነበር አሉ። መስመሩ ያኔ የተሰመረ አይሆንም?"

"ተሠርታ ስታልቅ ይጠረጋል። ይህ ቀለሙ ከተወለወለበት ሰም በላይ ነው፤ ትኩስ ነው።"

"እንዲህ የሚያሰምረው ማነው?"

"በዚህ ከተማ? የእኔ ቤት ብቻ። ሌሎቹ በግምት ነው የሚገጥሙት፤ ኮፈናቸውም እንደ ሰካራም አፍ የተዛባ ነው።"

"ይህን ኮፈን ከእርስዎ ቤት የሠራው ማን ነበር?"

"ልጄ ኔሜሲዮ ነዋ። ትናንት መኪናዋ ስትባረክ አበልጅ ተብሎ የሐር መታጠቂያ የታጠቀው ለምን ይመስልሃል? ለመልኩ?"

ሻምበሉ ለፖሊሶቹ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ያን ጊዜ ዶኛ ባሲሊያ ገባት። የተረሳችበትን ለመበቀል በከፈተችው አፍ ልጇን አስራ አስረከበች።

*

ኔሜሲዮን ያገኙት ጋራዡ ውስጥ፣ በሮቹ በወለቁ ሚኒባስ ወንበር ላይ ተኝቶ ነው። መታጠቂያው አንገቱ ላይ ዞሯል።

"ትናንት ማታ የት ነበርክ?" አለው ሻምበሉ።

"ከባንዱ ጋር።"

"እስከ መቼ?"

"ባንዱ እስኪወድቅ።"

"ከዚያስ?"

"እኔም ወደቅሁ።"

"የት?"

"የወደቀ ሰው አድራሻ ይይዛል እንዴ ሻምበል?"

ፖሊሶቹ ግቢውን አገላበጡት። ግድግዳው ላይ የተደገፉትን በሮችና ኮፈኖች አንድ በአንድ ጎትተው አዩ፤ የቀለም በርሜሎቹን ከፈቱ፤ የዶሮዎቹን ጎጆ ገብተው በረበሩ፣ ላባ ለብሰው ወጡ። ብር የለም። ቀይ ኮፈን የለም።

የኔሜሲዮ እህት ፊሎሜና አፒ የሚሉትን የበቆሎ መጠጥ አፍልታ በየኩባያው ቀዳችላቸው። ሰፊ መዳፍ ያላት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባል አላገባችም፤ እናቷ "ብረት ያገባች" ትላታለች፣ ስድብ አድርጋ።

"አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት ሻምበሉ ኩባያውን ሲቀበል።

"እሷማ" አለች ዶኛ ባሲሊያ ቀድማ፣ "ዕቃ ታጥባለች፣ ቀለም ታቀብላለች።"

ፊሎሜና እናቷን አየቻት። ከዚያ ጣሳውን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ኔሜሲዮን ሲያወጡት ዶኛ ባሲሊያ ከፖሊሶቹ ቀድማ የሻምበሉ መኪና ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"እማማ፣ ይውረዱ።"

"ልጄን እስክትመልስ አልወርድም። ብታወርደኝ እጮሃለሁ፤ ስጮህ ደግሞ ሰፈር አይበቃኝም።"

ሻምበል ታርኪ እናቱ ገና በሕይወት ያለች ሰው ነበርና ይህን ዓይነት ድምፅ ያውቀዋል። ልጁን በፖሊሶቹ መኪና ላከው፤ እሱ ሞተሩን አስነሳ።

"ወዴት ልንዳ ታዲያ?"

"ማክሲሞ ጋ" አለች። "ሌባው እዚያ ነው።"

*

የማክሲሞ ጋራዥ ከእሷው ጋራዥ ማዶ ነው። ሰሞኑን ትልቅ ታፔላ ሰቅሏል። ዶኛ ባሲሊያ አታነብበውም፤ ትልቅነቱ ብቻ በየጠዋቱ ያንገበግባታል። አዲስ የአየር መጭመቂያ ገዝቷል፤ እሱም ሲንጫጫ ሆን ብሎ እሷን ለመስደብ ይመስላታል። ጥርጣሬዋ በሙሉ ከዚህ የወጣ ነው፤ ለእሷ ግን ማስረጃ ነበር።

ማክሲሞ ቀኝ እጁን ከነክንዱ በጄሶ አሳስሮ በር ላይ ተቀምጧል።

"ዶኛ ባሲሊያ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ ደግሞ የትኛውን ኃጢአቴን ይዘው መጡ?"

"ኮፈኑን አምጣ።"

"የቱን?" ማክሲሞ ሳቀና ወደ ሻምበሉ ዞረ። "በኦሩሮ ዝናብ ሲቀር እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ እሳቸውን ከጠየቋቸው።"

"እጅህ ምን ሆነ?"

"የጭነት መኪና በር ወደቀበት። ወጌሻውም ሐኪሙም አይተውታል። ሰሞኑን ሱሪዬን የምታስታጥቀኝ ሚስቴ ናት፤ እሷንም ይጠይቋት፣ ታማርራለች።"

ሻምበሉ ጄሶውን ነካ ነካ አደረገው። "ኮፈን ለማውረድ ስንት ሰው ይበቃል?"

"ሁለት። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፤ አብረው መተንፈስ አለባቸው። ብቻውን የሞከረ ሰው ወይ የፊት መስታወቱን ይሰነጥቃል፣ ወይ ፓራፋንጎውን ይቧጭራል። ብር የተጫነበት ደግሞ እንደ ሬሳ ነው የሚከብደው።"

"ምልክትስ ታደርጋለህ? በጠመኔ?"

"እኔ ዓይኔ ይበቃኛል።"

"ለዚህ ነው በሮችህ ሁሉ በርግጫ የሚዘጉት" አለች ዶኛ ባሲሊያ።

ማክሲሞ አልተቆጣም። "ያ ምልክት የባልዎ የዶን ሲሪያኮ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። እሱ ከሞተ ወዲህ ምልክቱን በአንድ ሰው ሥራ ላይ ብቻ ነው ያየሁት።"

"በማን?" አለ ሻምበሉ።

ማክሲሞ አሮጊቷን አየ። "የእሳቸውን ቤት ነገር እሳቸው ይንገሩዎት። እኔ አንድ እጅ ነው የቀረኝ።"

*

"አልተቧጨረም" አለ ሻምበሉ መኪናው ውስጥ ተመልሰው ሲገቡ። "ፓራፋንጎውም መስታወቱም። ስለዚህ ሁለት ናቸው። ሌላም ነገር አለ፤ የኮፈኑን አግዋዮ ከጎንና ከጎን የያዙት ገመዶች አልተቆረጡም። ተፈትተው፣ ተጠቅልለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሌባ ገመድ ይጠቀልላል?"

"ሴት ትጠቀልላለች" አለች ዶኛ ባሲሊያ ሳታስብ።

ሻምበሉ መሪውን አዞረና ወደ ኤውሎሂያ ግቢ ተመለሰ። ከግቢው ጀርባ፣ በአንድ አጥር ተለይታ፣ የዶኛ ኤውሎሂያ ባል እህት ኦርቴንሲያ ትኖራለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ የእናቷን ብር የወረሰች ሴት ናት። ወንበር አቀረበችላቸው፤ የላማ ቋንጣና የተቀቀለ በቆሎ አመጣችላቸው። ድምፅዋ እንደ ማር ይንጠባጠባል።

"የእርስዎ ብር የት ነው የታሰረው?" አላት ሻምበሉ።

"ዘንድሮ? ኋላ፣ ሻንጣው ላይ። ኋላም ቢሆን እመቤታችን ታየዋለች።"

"አምናስ?"

"አምና የተረኛው መኪና ፊት ላይ ነበር።"

"ካች አምናስ?"

"ፊት። እናቴም በሕይወት ሳለች፣ ተራው የወንድሜ ሲሆን፣ ከመኪናው ፊት ላይ ነበር የምታስረው። ያኔ የጭነት መኪና ነበረው።" ኦርቴንሲያ ጉልበቷ ላይ ያለውን የሻርፕ ክር ትገምደው ጀመር። "ምራቷ ግን ወጣት ናት፤ ብሯም አዲስ ነው። አዲስ ነገር ያብለጨልጫል። እኔም ራሴ፣ 'ኤውሎሂያ፣ ግድ የለም፣ የእኔን ወደ ኋላ አድርጊው' ብያታለሁ።"

"መጀመሪያ እርስዎ ነዎት ያሉት? ወይስ እሷ አድርጋው ካበቃች በኋላ?"

ክሩ ተበጠሰ። "በኋላ" አለች ኦርቴንሲያ፣ ፈገግታዋን ሳታጥፍ።

"ብሎን ፈተው ያውቃሉ?"

"ብሎንና አዝራር የሚለይልኝ ባሌ ነበር ሻምበል። እሱ ከሞተ ወዲህ ሁለቱንም አልነካሁ።"

ሲወጡ ዶኛ ባሲሊያ ቋንጣውን እያላመጠች፣ "ይቺ ናት" አለች። "እንደዚህ የምትስቅ ሴት ሌሊት ጥርሷን ስታፋጭ ነው የምታድረው።"

"ቋጠሮውን እሷ ልትፈታ ትችላለች። ብሎኑን ግን አልፈታችም፤ መስመሩንም አላሰመረችም። ሁለተኛው እጅ የማነው?"

"የልጄ አይደለም።"

"እማማ፣ ብሩ የተሸጠ ይመስልዎታል?"

"አልተሸጠም።"

"እንዴት አወቁ?"

"የሚሸጥ የተራበ ነው። የሚቀና ሰው የወሰደውን አይሸጥም፤ እሱ በየቀኑ ሊያየው፣ ሌላው ግን ሊያየው በማይችልበት ቦታ ያኖረዋል።"

"ይህንንስ እንዴት አወቁ?"

ዶኛ ባሲሊያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ነፋሱ የማዕድኑን አቧራ አንስቶ መንገዱን ቢጫ አድርጎታል። "ኖሬበት" አለች።

ሻምበሉ አልሳቀም። ጥቂት ነዳና፣ "ጣቢያው በሬዲዮ ነገረኝ" አለ። "ልጅዎን የፖሊስ መኪና ኮፈን እንዲያስወርዱት አዝዤ ነበር፤ አንድ ፖሊስ በዚያ በኩል እየያዘለት። ጠመኔ ከጎኑ አስቀምጡ ብያቸዋለሁ።"

"እና?"

"አልነካውም። ብሎኑን ፈታ፣ ጎተተ፣ መስታወታችንን ሰነጠቀው።"

"ሰክሮ ነው።"

"ስካሩ ለቆታል። የእጅ አመል ደግሞ ሰክሮም አይለቅም። ዶኛ ባሲሊያ፣ ያንን ኮፈን የሠራው ማነው?"

ዶኛ ባሲሊያ አላወቀችም። መልሱን ያላወቀችው ስላላየች ነው፤ ያላየችው ደግሞ ማየት ስላልፈለገች ነው። ባሏ ሲሪያኮ ማታ ማታ ላሜራ ፊት የሚያስቀምጠው ኔሜሲዮን አልነበረም። ፊሎሜናን ነበር። ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ብረቱን እንድትዳስስ፣ ጎድጓዳውን በቆዳዋ እንድትሰማ ያስተምራታል። ባሲሊያ መብራት ትይዛለች፤ መዶሻ ታቀብላለች። ልጅቷ ስትስቅ፣ ባሏም ሲስቅ፣ የሚስቁበት ነገር ለእሷ አይነገራትም። ሲሪያኮ የሞተ ቀን የጋራዡን ቁልፍ አንስታ ለኔሜሲዮ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ማን ነው ሲሏት "ልጄ" ትላለች፤ የትኛው ልጅ ብሎ የጠየቃት የለም።

*

ጋራዡ ሲደርሱ ፊሎሜና ሚኒባሱን ታጥባለች።

"አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ" አለ ሻምበሉ። "ኮፈን እንዴት እንደሚወርድ። የዚያን ሰማያዊ መኪና አውርዱልኝ። ማን ይችላል?"

"ማንም የለም" አለች ዶኛ ባሲሊያ። "የሚችለው አንተ እስር ቤት ነው።"

ፊሎሜና ቱቦውን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ አበሰች። የብሎን መፍቻውን ከመደርደሪያው ላይ ሳታይ፣ ሰው የራሱን አፍንጫ እንደሚያገኘው አገኘችው። "እናቴ፣ በዚያ በኩል ያዢ" አለች።

አሮጊቷ ያዘች። ልጅቷ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አሳረፈችና ቆመች። ቀና ብላ ሻምበሉን አየችው። ሻምበሉም እሷን ያያል። የሚፈልገውን ታውቃለች፤ የዓይኑን አቅጣጫ አይታለች። መፍቻውን አዙራ ዝም ብላ ብትፈታ ኖሮ እዚያው ላይ ነገሩ ባበቃ ነበር።

ፊሎሜና መፍቻውን አስቀመጠች። ከቀሚሷ ኪስ ጠመኔ አወጣች። ቀስ ብላ፣ አንዲት ፀጉር ሳትስት፣ በማጠፊያው ዙሪያ አሰመረች። ወደ እናቷ በኩል ዞራም አሰመረች። ከዚያ ፈታች፤ "አሁን" አለች፤ ኮፈኑ እንደ ላባ ተነሳ። ድምፅ የለም። ጭረት የለም።

ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሲመለሱ ሻምበሉ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

"መስመሩን መተው ትችይ ነበር" አላት።

"ችዬ ነበር።"

"ለምን አልተውሽውም?"

"መደበቅ ደከመኝ ሻምበል።" ጠመኔውን ወደ ኪሷ መለሰች። "ኮፈኑን እኔ አወረድኩት፣ እኔ ቀጠቀጥኩት፣ እኔ ቀለም ቀባሁት። ዶኛ ኤውሎሂያ መጥታ አየችው፣ 'ኔሜሲዮ እጅህ ይባረክ' አለችው፤ እኔን 'አንቺ ልጅ፣ ወንበር አምጪ' አለችኝ። ሥራዬን ወሰደ። አበልጅነቱን ወሰደ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያችን ኮፈን ያወረደው እሱ ነው ተብሎ ታሰረ። የባለሙያ እጅ ነው ብላ እናቴ ስትመሰክር አገሩ ሰምቷል። ስርቆቴንም እሱ ይውሰደው?"

ዶኛ ባሲሊያ በርሜል ላይ ተቀመጠች።

"ሁለተኛዋ ኦርቴንሲያ ናት" አለ ሻምበሉ።

"አመሻሹ ላይ አጥሩ ሥር ስታለቅስ አገኘኋት። 'ብሬን ኋላ አስረው፣ እንደ ቆሻሻ' አለችኝ። እኔም 'ኮፈኔን ሌላ ሰው ታቅፎት' አልኳት። ቋጠሮው የእሷ፣ ብሎኑ የእኔ። ብሩን ከነጨርቁ እሷ ወሰደች። አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም፤ አንጥፋ ስታየው ነው የምታድረው።"

"ኮፈኑስ?"

ፊሎሜና በአገጯ ወደ ዶሮዎቹ ጎጆ አመለከተች። ጎጆው ከተጣሉ ላሜራዎች የተሠራ ጣሪያ አለው። ከላሜራዎቹ አንዱ ኮፈን ነው፤ ቀዩ ፊቱ ወደ ታች፣ ግራጫ ጀርባው ወደ ሰማይ። ፖሊሶቹ ሥሩ ገብተው ላባ ሲለብሱ ማንም ቀና አላለም። ዶኛ ባሲሊያም ጠዋት ለዶሮዎቿ እህል የበተነችው እዚያው ሥር ጎንበስ ብላ ነው።

"እንዳይጫር ብርድ ልብስ አንጥፌለታለሁ" አለች ፊሎሜና።

*

ፀሐይ ወደ ተራራው ሳታዘቅዝቅ ሁሉም በዶኛ ኤውሎሂያ ግቢ ተሰበሰበ። ኔሜሲዮ ተፈቶ መጣ። ኦርቴንሲያ ብሩን በአግዋዮ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ፣ በፖሊስ ታጅባ መጣች፤ የምራቲቱ ወላጆች ብር ላይ አንድ ጉድፍ የለም፣ ጭራሽ ተወልውሎ ነበር። ኤውሎሂያና ኦርቴንሲያ ፊት ለፊት ተገናኙ። የተባባሉት ነገር እዚህ አይጻፍም፤ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሴቶች ናቸው።

ሻምበሉ ሲደክማቸው ጠብቆ፣ "ቃላቸውን መቀበሌ አይቀርም" አለ። "ይታሰሩ አይታሰሩ ግን በእርስዎ ክስ ላይ ነው ዶኛ ኤውሎሂያ።"

ኤውሎሂያ ሻርፗን አስተካከለች። "መኪናዬ ነገ ከማኅበሬ ፊት ከወጣች ክሱን አነሳለሁ። በካርኒቫል ሰው አላሳስርም። ካልወጣች ግን ሁለቱም ይገባሉ። በፖቶሲ ሰዎች ፊት አፍንጫ በሌላት መኪና አልሄድም።"

"ይገጠማላ" አለ ኔሜሲዮ። "እኔ እገጥመዋለሁ።"

ከአንድ ፖሊስ ጋር ኮፈኑን አነሳ። የጠመኔው መስመር ግን የለም፤ ቀኑን ሙሉ ወሬ ለማየት የመጣ ሰው በጣቱ ሲዳስሰው ጠፍቷል። ኔሜሲዮ በግምት አሳረፈ፤ ብሎኑን አጠበቀ፤ ሲዘጋው ጠርዙ ፓራፋንጎውን ነከሰና አዲሱ ቀይ ቀለም ተፈነጠረ። ደገመ። በሌላው በኩል ነከሰ። አንድ ሰው ከኋላ፣ "አበልጁ፣ ቀስ፣ ልጅህን ገደልካት" አለው። ኔሜሲዮ ኮፈኑን መልሶ ፈታውና መፍቻውን ጣለው።

ሁሉም ወደ ፊሎሜና ዞረ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታለች።

"ተነሺ እንጂ" አላት ሻምበሉ በለሰለሰ ድምፅ። "በገዛ እጅሽ ነው ከእስር የምትተርፊው።"

"የሠራው ኔሜሲዮ ነው ተብሏል። የሠራው ይግጠመው።"

"ፊሎሜና፣ እስር ቤት ቀልድ አይደለም።"

"እዚያ ቢያንስ ስሜን ይጽፉታል።"

ኔሜሲዮ መታጠቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋላት፤ አላየችውም። ኤውሎሂያ "ልጄ" አለቻት፤ አልሰማቻትም። ሰዉ ዶኛ ባሲሊያን አየ። ለምኚያት፣ አልቅሺ፣ ይቅርታ በይ የሚል ዓይን ነው። ዶኛ ባሲሊያ ግን ለምና አታውቅም፤ በዚህ ዕድሜዋ ልትማረውም አላሰበችም።

ድንጋዩ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"አባትሽ ማታ ማታ አንቺን ሲያስተምር መብራቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ" አለች፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ። "ክንዴ እስኪዝል። አንድ ቀን 'ባሲሊያ፣ ነይ አንቺም ዳስሺው' አላለኝም። ሙያውን ለአንቺ ብቻ ትቶ ሞተ። አንቺን ባየሁ ቁጥር የተከለከልኩትን ነው የማየው፤ ስለዚህ አላየሁሽም።"

ፊሎሜና ቀና አለች። እናቷ ወደ መኪናዋ ሄዳ ባርኔጣዋን አውልቃ ጣሪያዋ ላይ አኖረች፤ እጅጌዋን ጠቀለለች፤ የኮፈኑን አንድ ጫፍ ያዘች።

"ተነሺ። ለኤውሎሂያ ብለሽ አይደለም፤ ለሻምበሉም አይደለም። ያኔ የቀረብኝን ዛሬ እፈልገዋለሁ። በዚያ በኩል ያዢ፤ መዳፌን የት እንደማሳርፍ፣ ብረቱን በቆዳዬ እንዴት እንደምሰማው፣ አባትሽ እንዳሳየሽ አድርገሽ አሳዪኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪ፤ ጮክ በይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ይስማሽ።"